ተደግፎ የመቀመጥ ታሪክ

በአማርኛ «ወንበር» የሚለው ቃል ከዕቃነቱ ይልቅ ሥልጣንነቱ የሚጎላበት ጊዜ ብዙ ነው። በቀድሞው የፍርድ ሥርዓት ችሎት የሚያስችሉ ዳኞች «ወንበሮች» ይባሉ ነበር፤ የቤተ ክህነት መምህር ደቀ መዛሙርቱን ሰብስቦ ማስተማር ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል፤ ከቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ በጭቃ የሚሠራው መደብም ስሙን ለኅብረተሰብ ክፍሎች አውሷል። ሰው የት፣ በምን ላይና በማን ፊት እንደሚቀመጥ ማንነቱን ይናገራል የሚለው አስተሳሰብ ግን የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ከወንበር ወገን አንዱ፣ ማለትም ለፍርድ፣ ለማዕድ ወይም ለጽሕፈት ሳይሆን ጀርባን አሳርፎ ለመዝናናት የተሠራው፣ ፈረንሳዮች «ፎቶይ» የሚሉትና በእኛም ከተሞች «ፎቴ» ተብሎ የገባው ወንበር፣ ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበ ታሪክ አለው። የእርሱ ታሪክ የዕረፍት መብት ታሪክ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥንቶቹ የክብር መቀመጫዎች ከማረፊያነታቸው ይልቅ መታያነታቸው ይበልጣል። በ1922 የተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ካስረከባቸው ዕቃዎች አንዱ በወርቅ የተለበጠው ዙፋን ነው፤ ከዚያው መቃብር በወጡት የእግር ማሳረፊያዎች ላይ እጃቸው የታሰሩ ጠላቶች ተሥለዋል፤ ንጉሡ በተቀመጠ ቁጥር ይረግጣቸዋል። ግሪኮች ደግሞ «ክሊስሞስ» የተባለ መደገፊያው እንደ ጀርባ የጎበጠ፣ እግሮቹ ወደ ውጭ የተንሻፈፉ እጅግ ያማረ ወንበር ነበራቸው። ከእንጨት ስለተሠራ አንድም ሳይተርፍ ጠፍቷል፤ የሚታወቀው በሸክላ ማሰሮና በመቃብር ድንጋይ ላይ ከተቀረጸው ምስሉ ብቻ ነው። በግብዣ ላይ ግን የግሪክ ወንዶች ወንበር አይሹም ነበር። በአልጋ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ይጠጣሉ፤ ወይን የሚቀዳላቸው ባሪያ ይቆማል።

ተደግፎ መቀመጥ የመንግሥት ጉዳይ የሆነበትን ዘመን ለማየት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በሉዊ 14ኛ ዘመን መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለው ፎቶይ በንጉሡ ፊት ለነገሥታት ብቻ የተጠበቀ ነበር። ከእርሱ በታች የክንድ ማሳረፊያ የሌለው ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ከዚያም በታች መደገፊያም ክንድም የሌለው «ታቡሬ» የተባለው በርጩማ ይመጣል። የመስፍን ሚስቶች በታቡሬ የመቀመጥ መብት ነበራቸው፤ የቀረው መኳንንትና ወይዛዝርት ሰዓቱ ቢረዝም፣ እግሩ ቢያብጥም ቆሞ ይውላል። ቀልድ የሚመስለው ይህ ነገር በጊዜው ደም የሚያፈላ ነበር። በ1649፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ፣ ለጥቂት ወይዛዝርት ታቡሬ ተፈቀደላቸው ተብሎ መኳንንቱ በፓሪስ ተሰብስበው እስከ መቃወም ደርሰዋል፤ ፈቃዱም ተሰረዘ። የቤተ መንግሥቱን ሐሜት በዝርዝር የጻፈው መስፍኑ ሴን ሲሞን ስለ በርጩማ ክርክር ያጠፋው ቀለም ስለ ገበሬው ረኀብ ካጠፋው ቢበልጥ አይገርምም። በዚያ ቤተ መንግሥት የሚቀመጡበት ዕቃ የሚገኝ ርስት ነበርና።

ሉዊ 14ኛ በ1715 ሞተ። መኳንንቱ ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ተመለሱ፤ ክፍሎቹ አነሱ፣ ጣሪያው ዝቅ አለ፤ የሰው ወሬ የሚጣፍጥበት፣ ሴቶች የሚመሩት የእንግዳ መቀበያ ተፈጠረ። ለማዕረግ ሳይሆን ለጨዋታ የሚቀመጥ ሰው የተለየ ወንበር ያሻዋል። ከ1720ዎቹ ወዲህ ብቅ ያለው «ቤርዤር» የዚህ ኑሮ ልጅ ነው። በክንዱና በመቀመጫው መካከል ያለው ክፍት ቦታ በጨርቅ ተዘጋ፤ በመቀመጫው ላይ ወፍራም ትራስ ተጨመረ፤ መደገፊያው ወደ ኋላ ዘመም አለ፤ የሴቶቹ ሰፊ ቀሚስ እንዳይጨማደድም ክንዶቹ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ተተከሉ። ስሙ በፈረንሳይኛ «እረኛዋ» ማለት ነው። እውነተኛይቱ እረኛ በላዩ ሳትቀመጥበት ስሟን ብቻ ሰጠችው። ወንበሩ እግርን ለመዘርጋት ሲረዝም ደግሞ «ሼዝ ሎንግ»፣ ረጅሙ ወንበር፣ ተባለ።

እዚህ ላይ መዘንጋት የማይገባው አንድ ነገር አለ። አውሮፓ መጋደምን የተማረችው ከምሥራቅ ጭምር ነው። ሶፋ የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ሱፋ» የመጣ ነው፤ ዲቫን ከፋርስ ተነሥቶ በቱርክ በኩል ያለፈ ነው፤ ኦቶማን የተባለው መደገፊያ የሌለው የትራስ መቀመጫ ስሙን የወሰደው ከኦስማን ሥርወ መንግሥት ነው። በሰገነታቸው ላይ በምንጣፍና በትራስ የሚቀመጡት ሕዝቦች ሰነፎች ናቸው እያሉ የጻፉት መንገደኞች አገራቸው ሲገቡ የትራሱን ስም ይዘው ገብተዋል።

በሉዊ 15ኛ ዘመን የተሠራውን ወንበር መለየት አስቸጋሪ አይደለም። ቀጥ ያለ መሥመር አይታይበትም፤ እግሮቹ እንደ ፍየል እግር ታጥፈው ይወርዳሉ፣ ክፈፉ በቀንድ አውጣ ቅርፊትና በአበባ ይሞላል። ሄርኩላኔየም በ1738፣ ፖምፔይ በ1748 መቆፈር ከጀመሩ በኋላ ግን የሮማውያን ጥንታዊ ቅርጽ ፋሽን ሆነ፤ በሉዊ 16ኛ ዘመን እግሮቹ እንደ ዓምድ ቀንተው ተሸነተሩ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ከወረረ ወዲህ ደግሞ የአንበሳ መዳፍና ስፊንክስ በወንበሮች ክንድ ላይ ወጡ። የፈርዖኖቹ ዙፋን በሦስት ሺህ ዓመት ዙሮ መጣ ማለት ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሠሪዎቹ ግን ጥቂት። አንድ የፓሪስ ፎቶይ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ክፈፉን አናጢው ይገጥማል፤ አበባውን ቀራጩ ይፈለፍላል፤ ወርቁን ወርቅ ቀቢው ይለብጣል፤ የፈረስ ጭራውንና ጨርቁን አልባሹ ይሞላል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የሙያ ማኅበሩ ደንብ አናጢው የስሙን ማኅተም በእንጨቱ ላይ እንዲመታ ያስገድድ ስለነበረ ዛሬ የአናጢዎቹ ስም ይታወቃል። ዓይን የሚያርፍበትን ጌጥ ያወጣው የቀራጩ ስም ግን በእንጨቱ ላይ የለም። ለልብሱ የሚውለው ሐር ከእንጨቱ በብዙ እጥፍ ይወደድ ስለነበር ትርፉም በአብዛኛው የሚገባው በአልባሹ ኪስ ነበር።

ከእነዚህ አናጢዎች ሁሉ የላቀው ዦርዥ ዣኮብ (1739-1814) ነው። ለንግሥት ማሪ አንቷኔት ወንበር የሠራው እርሱ ነው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ የንግሥቲቱ ወንበር ሠሪ ነው ተብሎ ተከሰሰ። ያዳነው ሠዓሊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ ነበር፤ ዣኮብ ለሠዓሊው የሥራ ክፍል በግሪክና በሮማ ምስሎች አምሳል ወንበሮች ሠርቶለት ነበርና። የነገሥታቱ እጅ የሠራውን እጅ አብዮቱም ፈለገው። ዳቪድ በ1800 በጀመረው የማዳም ሬካምዬ ሥዕል ላይ ሴትዮዋ ነጭ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ በተጠማዘዙ የመጋደሚያ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ትታያለች። ሥዕሉ ሳያልቅ ቀረ፤ የወንበሩ ዓይነት ግን እስከ ዛሬ በስሟ «ሬካምዬ» ይባላል።

የቬርሳይ ዕቃ ዕጣ ሌላ ነው። ከ1793 እስከ 1794 ለአንድ ዓመት ያህል በቆየ ጨረታ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ከ17 ሺህ በሚበልጥ መደብ ተከፋፍሎ ተሸጠ። ገንዘቡ ለጦርነቱ ያስፈልግ ነበር። ትልልቆቹ ገዢዎች ግን የተራቡት የፓሪስ ሰዎች አልነበሩም፤ ነጋዴዎች ገዙት፣ ብዙውም ወደ ውጭ አገር ወጥቶ በእንግሊዝ መኳንንት አዳራሽ ገባ። ጥንታዊ የቤት ዕቃ የሚባለው ንግድ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። አንዱ ሕዝብ ያወረደውን ወንበር የሌላው አገር ባለጸጋ አነሣው።

በእንግሊዝ የማረፊያ ወንበር መነሻው የእንግዳ መቀበያ ሳይሆን የመኝታ ክፍል ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታየው ባለ ክንፍ ወንበር ለሽማግሌና ለሕመምተኛ የተሠራ ነበር፤ በራስ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ክንፎች የእሳቱን ሙቀት ይይዛሉ፣ ከበሩ የሚገባውን ንፋስ ያግዳሉ። ሆኖም የእንግሊዝን ወንበር ታላቅ ያደረገው ቅርጹ ብቻ ሳይሆን እንጨቱ ነው። በ1721 የወጣ ሕግ ከአሜሪካና ከካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች በሚመጣ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣ፤ የጃማይካ ማሆጋኒ ወደ ለንደን ጎረፈ። ማሆጋኒ ሰፊ፣ ጽኑ፣ ትል የማይደፍረው፣ ለቅርጽ የሚታዘዝ፣ ሲወለወልም እንደ ደም የሚቀላ እንጨት ነው። ቶማስ ቺፐንዴል በ1754 ያሳተመው የቤት ዕቃ ንድፍ መጽሐፍ ያለዚህ እንጨት ሊታሰብ አይችልም።

እንጨቱን ማን ቆረጠው? ከአፍሪካ በግዞት የተወሰዱ ባሮች። በጃማይካ ለመርከብ የቀረበው ዛፍ ሲያልቅ እንግሊዞች ፊታቸውን ዛሬ ቤሊዝ ወደምትባለው የሆንዱራስ ባሕር ሰላጤ አዞሩ። እዚያ «አዳኝ» የሚባል ባሪያ ነበር፤ የሚያድነው አውሬ ሳይሆን ዛፍ ነው። ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ከጫካው ጣሪያ በላይ የማሆጋኒውን ቅጠል በቀለሙ ለይቶ ጓደኞቹን ይመራል። ዛፉ ተገንድሶና ተጠርቦ ደረቁ ወቅት ሲመጣ፣ በሬዎቹ የቀኑን ሐሩር ስለማይችሉ፣ ሌሊት በችቦ ብርሃን ወደ ወንዝ ይጎተታል። በለንደን ሳሎን የሚወለወለው ክንድ ከዚያ ጨለማ የወጣ ነው። ቺፐንዴል ትልቁን ሥራውን የሠራለት የሄርውድ አዳራሽ ባለቤት ኤድዊን ላሰልስም ሀብቱ ከካሪቢያን ስኳርና ከባሪያ ጉልበት የተገኘ ነበር። እንጨቱም እንጨቱን የገዛው ገንዘብም ከአንድ እጅ ነው የወጡት። ቺፐንዴል ራሱ፣ መኳንንቱ ሒሳባቸውን በጊዜው ስለማይከፍሉ፣ ዕድሜውን ሙሉ በገንዘብ እጦት ኖሯል።

ከእነዚያ እጆች የአብዛኞቹ ስም ጠፍቷል። አንዱ ግን ይታወቃል፤ ጆን ሄሚንግስ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ በሞንቲሴሎ የሦስተኛው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን ባሪያና አናጢ ነበር። ጄፈርሰን በስተርጅና ሰውነቱ ሲደክም «ካምፒቺ» የተባለውን የማረፊያ ወንበር ወደደ። ይህ ወንበር ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ የካምፔቼ ወደብ ነው፤ ጎኑ እንደ መስቀል የተጠላለፈ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ቆዳ የተወጠረበት፣ የተቀመጠበትን ሰው እንደ እጅ መዳፍ የሚይዝ ነው። በ1819 ገደማ ሄሚንግስ አምሳያውን በሞንቲሴሎ የእንጨት ሥራ ቤት ሠራ። ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል የሚለውን የ1776 የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው ሰው በላዩ ተደግፎ አነበበ፣ አሰበ፣ አንቀላፋ። ጄፈርሰን በ1826 ሲሞት በኑዛዜው ለሄሚንግስ ነጻነቱንና የሥራ ቤቱን መሣሪያዎች ተወለት። ባለቤቱ ጵርስቅላ ግን የጄፈርሰን ልጅ ቤተሰብ ንብረት ስለነበረች ኑዛዜው እርሷን አልነካም። የካምፒቺ ወንበሮቹን ዛሬ ሰዎች በሞንቲሴሎ ሊያዩ ይሄዳሉ።

የካምፒቺ ዘመድ የሆነ ሌላ ወንበር በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በህንድ፣ በሲሎንና በደች ምሥራቅ ህንድ በረንዳዎች ተዘረጋ፤ የእርሻ ጌታ ወንበር ይባላል። ከቲክ እንጨት የተሠራ፣ መቀመጫው በሸምበቆ ልጥ የተሸመነ፣ የክንድ ማሳረፊያዎቹ ከልክ በላይ ወደ ፊት የረዘሙ ናቸው። ርዝመቱ ለክንድ አይደለም። ጌታው ከፈረስ ወርዶ ሲቀመጥ ሁለት እግሮቹን በሁለቱ ክንዶች ላይ ይሰቅላል፤ አሽከሩ ተንበርክኮ ቡትስ ጫማውን ይጎትታል። ቅርጹን ከዚህ ትርኢት ለይቶ ማድነቅ ይቻል ይሆናል፤ ሁለቱ ረጃጅም ክንዶች ግን ያለ አሽከሩ ግማሽ ትርጉማቸውን ያጣሉ።

አውሮፓ በዚህ ጊዜ ወደ ፋብሪካ ዘመን ገብታ ነበር። በ1820ዎቹ ሞላ በወንበር ውስጥ ገባ። በሞላ የተነፋው ወንበር በትልቅነቱ፣ በቁልፍ በተወጋጋው ቆዳውና በታችኛው ዘርፉ የአዲሱን ባለሀብት ቦርጭ ይመስላል ቢባል ሐሜት አይሆንም። ከዚህ ሁሉ እብጠት ፊት ሚካኤል ቶኔት እንደ አጥንት ቀጭን ሆኖ ይቆማል። በራይን ወንዝ ዳር በቦፓርድ በ1796 የተወለደው ይህ አናጢ በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት በብረት ቅርጽ ላይ ማጠፍን አሳካ፤ በ1842 ወደ ቪየና ሄደ፤ ከዚያም ፋብሪካውን የቢች ዛፍ ጫካ ወዳለበት ወደ ሞራቪያ ወሰደ። በ1859 ያወጣው 14 ቁጥር የቡና ቤት ወንበር ስድስት እንጨት፣ ዐሥር ብሎንና ሁለት ዳዶ ብቻ ነበር፤ 36 ወንበር ተፈታቶ በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይጫናል። እስከ 1930 ድረስ 50 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። በ1860 የወጣው ተወዛዋዥ ወንበሩ ደግሞ የማረፊያ ወንበር ከፋብሪካ በብዛት ሊወጣ እንደሚችል አሳየ። ጌጡና አካሉ አንድ ነው፤ የታጠፈው እንጨት ራሱ ይወዛወዛል፣ ራሱ ይሸከማል፣ ራሱ ያምራል። ቀራጩም ወርቅ ቀቢውም ቀሩ። በቦታቸው እንፋሎት የሚያጥፉ ወንዶችና ልጥ የሚሸምኑ ሴቶች ተሰለፉ።

ዊልያም ሞሪስ ይህን መንገድ አልወደደውም። ባለቅኔ፣ ንድፍ አውጪና ሶሻሊስት የነበረው እንግሊዛዊ (1834-1896) ፋብሪካ የሠራተኛውን ደስታ ገድሎ ዕቃውንም አስቀያሚ አደረገው ብሎ ያምን ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ድርጅት በ1866 አንድ ወንበር አወጣ፤ ምንጩ በሰሴክስ ገጠር በአንድ አናጢ ቤት የተገኘ አሮጌ ወንበር ሲሆን ንድፉን ያስተካከለው ፊሊፕ ዌብ ነበር። መደገፊያው በማጠፊያ ተያይዞ በአንድ ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይስተካከላል። ተቀማጩ የዕረፍቱን ልክ ራሱ ይወስናል ማለት ነው። ወንበሩ በስሙ «የሞሪስ ወንበር» ተባለ። ነገር ግን በእጅ የተሠራ ዕቃ ውድ ነው፤ ለሕዝቡ የታሰበው የሚገዛው በባለጸጋው ነበር። ሞሪስም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ በ1883 ወደ ሶሻሊስቶች ድርጅት መግባቱም ከዚሁ ምሬት የተለየ አይደለም። የሞሪስ ወንበር በብዙ ሠራተኛ ቤት የገባው በአሜሪካ ነው፤ ያገባውም እርሱ የጠላው ፋብሪካና በፖስታ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የማረፊያ ወንበር ያልተጠበቀ ደንበኛ አገኘ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 እስኪገኝ ድረስ ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒት ንጹሕ አየር፣ ፀሐይና ዕረፍት ነበር። በስዊስ ተራራ በዳቮስ ሕመምተኞች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በሰገነት ላይ በረጃጅም ወንበሮች ለወራት፣ ለዓመታትም ይጋደሙ ነበር። በፊንላንድ ፓይሚዮ ለሚሠራው የነቀርሳ ሆስፒታል አልቫር አልቶ በ1931 እና በ1932 የነደፈው ወንበር ከዚህ ችግር ተወለደ። ከበርች ኮምፔንሳቶ ታጥፎ የተሠራ ነው፤ ብረት ብርድ ስለሚይዝ እንጨትን መረጠ፤ የመደገፊያው ማዘንበል ደረት ከፈት ብሎ እስትንፋስ እንዲቀል ታስቦ ነው። ከሁሉም የማረፊያ ወንበሮች መካከል ይህኛው ለከበርቴ ሳይሆን ለሚያስል ሰው መታሰቡ የተለየ ክብር ይሰጠዋል።

ብረቱ ግን ሌላ ወዳጅ ነበረው። በጀርመን በደሳው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው የ23 ዓመቱ ማርሴል ብሮየር በ1925 የብስክሌቱን መሪ እያየ፣ በቧንቧ ሠራተኛ ርዳታ፣ የመጀመሪያውን የብረት ቱቦ ፎቴ አጠፈ። የድሮው ወፍራም ፎቴ በሙሉ ሥጋው ተገፍፎ ዐፅሙ ብቻ የቀረ ይመስላል። በ1929 በባርሴሎና ኤግዚቢሽን ሚስ ቫን ደር ሮኸና ሊሊ ራይሽ ለጀርመን ድንኳን ያሰናዱት ወንበር ለስፔን ንጉሥ መቀመጫ የታሰበ ነበር፤ እግሮቹ የሮማ ሹማምንትን የተጠላለፈ መቀመጫ ያስታውሳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሡ አገሩን ጥሎ ሄደ፤ ወንበሩ ዛሬ በባንኮችና በትልልቅ ኩባንያዎች መግቢያ ተደርድሮ ይታያል።

በፓሪስ ደግሞ ሻርሎት ፔሪያን የተባለች የ24 ዓመት ወጣት በ1927 ወደ ለ ኮርቡዚየ ቢሮ ሥራ ልትጠይቅ ሄደች። እዚህ ትራስ አንጠልፍም ተብላ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ የእርሷን ሥራ በኤግዚቢሽን ያየው ለ ኮርቡዚየ ቀጠራት፤ በ1928 ከእርሱና ከአጎቱ ልጅ ከፒየር ዣንረ ጋር እንደ ክሬን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የብረት ሼዝ ሎንግ ነደፉ። ለብዙ ዓመታት ወንበሩ በለ ኮርቡዚየ ስም ብቻ ይጠራ ነበር፤ የፔሪያን ድርሻ ተገቢውን ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። በብዛት ተሠርቶ ለብዙኃን ይደርሳል የተባለውም በጊዜው ጥቂት ሰው ብቻ ገዝቶት ቀረ።

ለብዙኃን የደረሰው ወንበር የመጣው ከነዚህ ጠቢባን አይደለም። በ1928 በአሜሪካ ሚሺጋን በሞንሮ ከተማ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ተቀማጩ ሲደገፍ አብሮት የሚዘረጋ የጣውላ ወንበር ሠሩ፤ ወዲያው ጨርቅ አለበሱት፤ «ሌዚቦይ» አሉት። ቅርጽ ዐዋቂዎች አይተውት ፊታቸውን ያዞራሉ። ከፋብሪካ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ የሚዘረጋበት ሠራተኛ ግን የዐዋቂዎቹን አስተያየት አልጠበቀም። ቻርልስና ሬይ ኢምዝ በ1942 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ቁስለኞች የእግር መደገፊያ ከኮምፔንሳቶ ሲያጥፉ የተማሩትን በ1956 በቆዳና በሮዝውድ አከበሩት፤ ያወጡት የማረፊያ ወንበር ዋጋው 310 ዶላር ነበር። ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። የብራዚሉ ሮዝውድ ዛፍ ግን ተመናምኖ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ተከልክሏል።

ዛሬ አሮጌው ወንበር የሚኖርበት ዓለም የጨረታ ቤት ነው። በ1929 ሄንሪ ፎርድ ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1865 የተገደለበትን ተወዛዋዥ ፎቴ በ2,400 ዶላር ገዛ፤ ሰው ደም ጠብቆም ቢሆን የተቀማጩን ስም ይገዛል። በ2009 በፓሪስ አይሪን ግሬይ የተባለች አየርላንዳዊት ከ1917 እስከ 1919 ባለው ጊዜ የሠራችው የዘንዶ ምስል ያለበት ፎቴ 21.9 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። ከዚህ የባሰውን ነገር ደግሞ በ2025 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት አይቶታል። አንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንበሮች ሊቅና አንድ እጀ ወርቅ እንጨት ሠሪ ተስማምተው አዲስ ወንበር እንደ ጥንቱ ሠርተው፣ የጥንት አናጢ ማኅተም መትተው፣ የነገሥታት ነው በማለት ለቬርሳይ ቤተ መንግሥት ጭምር እንዲሸጥ በማድረጋቸው ጥፋተኞች ተባሉ። ማታለሉ ወንጀል ነው፤ ፍርዱም ተገቢ ነው። ሆኖም ወንበሮቹን የመረመሩት ዐዋቂዎች ለዓመታት ልዩነት አላዩባቸውም ነበር። የእጁ ጥበብ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋውን የሰማይና የምድር ያህል ያራራቀው ንጉሡ ተቀምጦበታል ወይስ አልተቀመጠበትም የሚለው ነበር። ታቡሬው ገና አልሞተም።

ከሼዝ ሎንጉ ሦስት ነዳፊዎች አንዱ ፒየር ዣንረ በ1951 ወደ ህንድ ሄደ። አገሪቱ በ1947 ስትከፈል የፑንጃብ ዋና ከተማ ላሆር ለፓኪስታን ደርሶ ስለነበር በቻንዲጋር አዲስ ዋና ከተማ ይሠራ ነበር። ለመሥሪያ ቤቶቹ፣ ለፍርድ ቤቱ፣ ለዩኒቨርሲቲው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወንበር አስፈለገ፤ ዣንረ፣ ኡርሚላ ዩሊ ቾድሪን ከመሳሰሉ ህንዳውያን ነዳፊዎች ጋር፣ ከአገሩ ቲክና ከሸምበቆ ልጥ በአገሬው አናጢዎች እጅ የሚሠራ ወንበር አወጣ። እግሮቹ እንደ ተገለበጠ ቪ ናቸው፤ ክንዱ ሰፊ፣ መደገፊያው ዘመም ያለ፤ ጸሐፊውም አለቃውም የተደገፉበት፣ በሐሩር ወቅት ንፋስ የሚያሳልፍ። የእርሻ ጌታው ወንበር የተሠራበት ቲክና ሸምበቆ ነው፤ ጫማ የሚያወልቅ አሽከር ግን አይሻም።

ወንበሮቹ አረጁ። ልጡ ተበጠሰ፣ እግሩ ተነቃነቀ፤ ብረትና ፕላስቲክ በቦታቸው ገባ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያና ጓሮ እንደ ማገዶ ተከመሩ፤ በአሮጌ ዕቃ ጨረታም በርካሽ ተሸጡ። ከ2000 ገደማ ጀምሮ የአውሮፓ ነጋዴዎች ደርሰው ገዟቸው፤ በፓሪስና በኒው ዮርክ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጡ ጀመር። የህንድ መንግሥት በ2011 የቀሩት ከአገር እንዳይወጡ ከለከለ፤ ከወጡት አብዛኞቹ ግን አልተመለሱም። ነጋዴዎቹ እንጨቱን ፍቀው፣ ልጡን አሸምነው፣ ቆዳ አልብሰው ያድሷቸዋል። አንድ ነገር ግን ሳይፍቁ ይተዋሉ። በማንኛውም አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው፣ ንብረት ክፍሉ በመደገፊያው ጀርባ በቀለም የጻፈው ፊደልና ቁጥር አለ። ወንበሩ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነውና በጨረታ ቤቱ መዝገብ ፎቶግራፉ ለብቻው ይታተማል። ከአጠገቡ የነዳፊው ስም ይጻፋል። አናጢው ማኅተም አልመታበትም፤ እርሱን የሚያስገድድ ደንብም አልነበረም።